ያኔ ስንት ብር ነበር? የብርና የጅቡቲ ፍራንክን የድሮ ምንዛሪ ማስሊያ ዝርዝር መመሪያ

ለገሀር አጠገብ ወዳለችው ጠባብ የሒሳብ ቢሮዬ አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው መጡ። ሟች ባለቤታቸው በባቡር ሥራ በአዲስ አበባና በጅቡቲ መካከል ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። ለቤት የላኩትን፣ ለወንድማቸው ያበደሩትን፣ አደራ ያስቀመጡትን ሁሉ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አስፍረዋል። ችግሩ ግማሹ በብር፣ ግማሹ በፍራንክ መሆኑ ነው። «ልጄ፣ ይሄ ሁሉ ፍራንክ ያኔ ስንት ብር ነበር? ከወንድሙ ልጆች ጋር ልንተሳሰብ ነው» አሉኝ።

«ቀላል ነው እትዬ፣ ነገ ይምጡ» አልኋቸው። ቀላል አልነበረም። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የምንዛሪ ማስሊያዎች የቅርቡን ይነግሩዎታል እንጂ ስለ 1960ዎቹ ሲጠይቋቸው ዝም ይላሉ። ነገም፣ ከነገ ወዲያም እትዬን መለስኋቸው። በመጨረሻ የገባኝ ነገር ግን ሥራውን ከሳምንት ወደ ግማሽ ቀን አወረደው፦ የብርና የፍራንክን ቀጥተኛ ሠንጠረዥ መፈለግ ከንቱ ልፋት ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር ታስሮ ቆሞ የሚኖር ገንዘብ ነው፤ የሚንቀሳቀሰው ብሩ ነው። ስለዚህ የብርን ታሪክ በዶላር ካወቁ የፍራንኩን መልስ ካልኩሌተር ይሰጥዎታል።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የሄድሁበት መንገድ ነው፤ የተሳሳትሁባቸውን ቦታዎችም አልደበቅሁም።

አንደኛ፦ ከማስላትዎ በፊት ወረቀቱን ያንብቡ

ብዙ ሰው ቁጥሩን እንዳየ ወደ ማባዛት ይሮጣል። እኔ አሁን አንድ ሰነድ ሲመጣልኝ ሦስት ነገር ሳላረጋግጥ ካልኩሌተር አልነካም።

የመጀመሪያው «የየትኛው አገር ገንዘብ ነው?» የሚለው ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ራሱን ችሎ የቆመው መጋቢት 11 ቀን 1941 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1949) ነው። ከዚያ በፊት በጅቡቲ የተጻፈ «ፍራንክ» ከፈረንሳዩ ፍራንክ ጋር የተሳሰረ ነበርና በዚህ መመሪያ አይሰላም። የምድር ባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳይ እጅ ያለበት ስለነበር በድሮ ወረቀቶቹ ላይም «ፍራንክ» የሚለው ቃል የፈረንሳዩን ሊያመለክት ይችላል። ለዚያ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1960 መቶውን አሮጌ ፍራንክ አንድ አዲስ ፍራንክ አድርጋዋለች። በተቃራኒው ጅቡቲ ከነጻነቷ በኋላ (እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977) ያንኑ ፍራንክ በዚያው ዋጋ ስለቀጠለች፣ ከነጻነት በፊትና በኋላ ያለው ወረቀት ለሒሳባችን አንድ ነው።

በእኛ በኩልም ወጥመድ አለ። ከ1969 ዓ.ም. በፊት የነበረው የገንዘብ ኖታችን በአማርኛ «የኢትዮጵያ ብር» ይላል፤ በእንግሊዝኛው በኩል ግን «የኢትዮጵያ ዶላር» ነበር የሚለው። «ብር» በሁሉም ቋንቋ ብር የሆነው በ1969 መጀመሪያ፣ ደርግ አዲሱን ኖት ሲያወጣ ነው። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ወይም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የ1950ዎቹ ደረሰኝ «200 ዶላር» ካለ የአሜሪካ ዶላር ነው ብለው አይደምድሙ፤ የገዛ ብራችን ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ሁለት እጥፍ ተኩል ልዩነት አለ፤ በውርስ ሒሳብ ላይ ወንድምና ወንድም የሚያጣላ ልዩነት።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠሩ ነው። እዚህ የተጻፈው በእኛ፣ እዚያ የተጻፈው በፈረንጅ ይሆናል፤ አንዳንዴም በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ይቀላቀላሉ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ 7 ዓመት፣ ከታኅሣሥ 23 እስከ ጳጉሜ ድረስ 8 ዓመት ይጨምሩ። (ጳጉሜ 6 ከዋለች በኋላ ባለው ዓመት መዞሪያው በአንድ ቀን ወደ ታኅሣሥ 22 ይቀደማል።) ይህ ለምን ያስጨንቀኛል? «ግንቦት 1985» የሚል ወረቀት በእኛ ከሆነ አንዱ ዶላር 5 ብር የሆነበት ጊዜ ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ግን 2 ብር ከ7 ሳንቲም የነበረበት ጊዜ። አንድ ቃል፣ ሁለት ዓለም።

ሦስተኛውን ማንም አይነግርዎትም፦ ነጠላ ሰረዝና ነጥብ። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ ነጠላ ሰረዝ የአስርዮሽ ምልክት ነው። ሺውን የሚለየው ደግሞ ነጥብ ወይም ባዶ ቦታ ነው። ከጅቡቲ የመጣ ወረቀት «177,721» ቢል መቶ ሰባ ሰባት ሺሕ ሳይሆን መቶ ሰባ ሰባት ነጥብ ሰባት ሁለት አንድ ነው። «15.000» ቢል ደግሞ አሥራ አምስት ሺሕ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን አንዱን 15.000 አሥራ አምስት ፍራንክ ብዬ መዝግቤው ነበር። «አሥራ አምስት ፍራንክ ለመላክ ማን ባንክ ይሄዳል?» ብለው የሳቁብኝ እትዬ ናቸው።

ሁለተኛ፦ የፍራንኩን ሦስት ቁጥሮች በእጅዎ ያድርጉ

ይህ አጭር ነው። ፍራንኩ ሲቋቋም ለሚታተመው ገንዘብ መያዣ የሚሆን ዶላር እንዲቀመጥለት ተደርጎ ነው የታሰረው። ከዚያ ወዲህ የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ የተለወጠው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፦

ከ1941 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 1964 ዓ.ም. — 214.392 ፍራንክ።
ከታኅሣሥ 1964 እስከ የካቲት 1965 — 197.466 ፍራንክ።
ከየካቲት 1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1973) እስከ ዛሬ — 177.721 ፍራንክ።

አበቃ። ሦስተኛውን ቁጥር በቃልዎ ይያዙት። እኔ ከስልክ ቁጥሬ በተሻለ አስታውሰዋለሁ።

ሦስተኛ፦ የብሩን ዘመን ይለዩ

እዚህ ላይ ቁጭ ብለው ጊዜ ይስጡ፤ ሥራው በሙሉ ያለው እዚህ ነው። የብርን ታሪክ እኔ በአራት ዘመን ከፍዬ ነው የምሠራው፤ እያንዳንዱ የራሱ አያያዝ አለው።

የቆመው ዘመን። ጠገራውን የማርያ ቴሬዛ ብር የተካው የወረቀት ብር ሥራ ላይ የዋለው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። ዋጋው በወርቅ ተለክቶ አንድ የአሜሪካ ዶላር በ2.484 ብር አካባቢ ይመነዘር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1964 መግቢያ ጀምሮ 2.50 ሆነ። ከዚያ አሜሪካ ዶላሯን ከወርቅ አንጻር ሁለት ጊዜ አወረደች፤ አንዱን ወቄት ወርቅ ከ35 ዶላር ወደ 38፣ ከዚያም ወደ 42 ዶላር ከ22 ሳንቲም። ብሩ ከወርቁ ጋር ስለቆየ አንዱ ዶላር መጀመሪያ በ2.30፣ ከየካቲት 1965 ጀምሮ በ2.07 ብር ተመነዘረ። ያች 2.07 አብዮቱን አለፈች፣ የኖት ለውጡን አለፈች፣ ድርቁን አለፈች፣ የደርግን መውደቅም አልፋ እስከ 1985 መግቢያ ኖረች።

አሁን ወደ ላይ ተመልሰው የፍራንኩን ሦስት ቁጥሮች ይዩ። ለውጦቹ የወደቁት በዚያው ወር ነው! ፍራንኩም እንደ ብሩ ከወርቁ ጋር ቆሞ ዶላሩ ብቻ ነው ወደ ታች የወረደው። ስለዚህ በብርና በፍራንክ መካከል ያለው ዋጋ ንቅንቅ አላለም፦

214.392 ÷ 2.50 = 85.76
197.466 ÷ 2.30 = 85.85
177.721 ÷ 2.07 = 85.86

የሳንቲም ልዩነቷ የብሩን ዋጋ በሁለት አሃዝ ከመቁረጥ የመጣች ናት። ከ1956 እስከ 1985 መግቢያ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ከመንፈቅ በላይ፣ አንድ ብር ሰማንያ ስድስት ፍራንክ ገደማ ነበር። ይህን ያገኘሁት ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቢሮዬ ውስጥ ነው፤ ዘበኛው «ጋሼ፣ ምን አገኙ?» እስኪለኝ ድረስ ብቻዬን ሳቅሁ። የደብተሩ ሁለት ሦስተኛ በአንድ ቁጥር ተፈታ። ቀን መፈለግ የለ፣ ወር መፈለግ የለ። ከ1956 በፊት ከሆነም 214.392 ÷ 2.484 = 86.31 ነው፤ ብዙም አይርቅም።

የሰበረው ቀን። መስከረም 21 ቀን 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 1992) የሽግግሩ መንግሥት ብሩን ከ2.07 ወደ 5 አወረደው። በአንድ ሌሊት አንድ ብር ከ85.86 ወደ 35.54 ፍራንክ ወረደ። ለዚህ ወር «መስከረም 1985» የሚል ሰነድ አይበቃም፤ ቀኑን የግድ ያግኙ። የእትዬ ደብተር ላይ በዚያች ወር ሁለት ጊዜ 20,000 ፍራንክ ተልኳል፤ አንዱ መስከረም 12፣ ሌላው መስከረም 25። ዶላር ሲሆን ሁለቱም 112.54 ናቸው። የመጀመሪያው 232.95 ብር፣ ሁለተኛው ግን 562.68 ብር። ከጅቡቲ ሆኖ ለሚልክ ሰው ገንዘቡ ያው ነው፤ እዚህ ለሚቀበለው ቤተሰብ ግን ሌላ ነው። «ያን ጊዜ ነው ጣሪያውን ያስቀየርነው» አሉኝ እትዬ።

የጨረታው ዘመን። ይህ አስቸጋሪው ነው። ከሚያዝያ 23 ቀን 1985 ጀምሮ ብሔራዊ ባንክ ዶላር በጨረታ መሸጥ ጀመረ። ስለዚህ እስከ ሐምሌ 1987 ድረስ በአንድ ቀን ሁለት ሕጋዊ ዋጋ ነበር፤ ለተወሰኑ ጉዳዮች የሚውለው ኦፊሴላዊ ዋጋና ከእሱ ከፍ ብሎ የሚሄደው የጨረታ ዋጋ። ሁለቱ የተዋሐዱት ሐምሌ 1987 ላይ ነው። የእነዚህ ሁለት ዓመታት ሰነድ ከገጠመዎት «የቱ ዋጋ?» የሚለውን ሳይመልሱ አይለፉ፤ ከዓመታዊ ሠንጠረዥ ላይ አንዱን መዝዘው ከወሰዱም የትኛውን እንደወሰዱ ይጻፉ። ጨረታው በኋላ እየተደጋገመ ሄዶ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2001 ወዲህ ባንኮች እርስ በርሳቸው በየቀኑ የሚገበያዩበት ሥርዓት ተተካ።

የሚንሸራተተው ዘመን። ከዚያ ወዲህ ብሩ በየቀኑ በሳንቲም ክፍልፋይ ይወርዳል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ይዘላል። ለረጅም ጊዜ እርጋታ ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 አንዱ ዶላር በአማካይ 8.60 ብር ነበር፤ አንድ ብር 20.67 ፍራንክ ማለት ነው። ሦስቱን ዝላዮች ግን ቀናቸውን ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፦ ነሐሴ 26 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ከ13.6 ወደ 16.35 ብር አካባቢ፤ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ከ23.4 ወደ 26.9 ብር አካባቢ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ምንዛሪው ለገበያ የተለቀቀበት ቀን፣ ከ57.5 ወደ 74.7 አካባቢ፣ ያውም ለመነሻ ያህል፤ በሳምንታት ውስጥ መቶውን አልፏል።

ለእነዚህ ዓመታት ዕለታዊውን ዋጋ ያስፈልግዎታል። የቅርቡን ከብሔራዊ ባንክ ድረ ገጽ በቀን መርጠው ያወጡታል። የቆየውን ደግሞ ባንኩ ከሚያወጣቸው የሩብ ዓመትና የዓመት ሪፖርቶች ያገኛሉ፤ ወርሃዊውንና ዓመታዊውን ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትና የዓለም ባንክ በነጻ ያስቀምጡታል። ወረቀት መዳበስ ለሚወድ ሰው ደግሞ ቅርብ ነው፤ ከለገሀር በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ሲሉ፣ የብሔራዊ ቴአትሩ የድንጋይ አንበሳ ጋ ደርሰው፣ የንግድ ባንክን ክብ ሕንፃና አዲሱን ሰማይ ጠቀስ ፎቅ አየት አድርገው ሱዳን ጎዳና ላይ ብሔራዊ ባንክ አለ። ለድሮ ጋዜጣና ለነጋሪት ጋዜጣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) ይሂዱ፤ አዋጁ የወጣበትን ቀን በዓይን ማየት ለፍርድ ቤት ሰነድ ክብደት ይሰጠዋል። ከሪፖርቶቹ ሲገለብጡ አንድ ጥንቃቄ፦ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። «የ1985 በጀት ዓመት» የሚጀምረው ሐምሌ 1984 ላይ ነው።

አራተኛ፦ ያስሉ

ቀመሩ ይህ ነው፦

ብር = ፍራንክ ÷ (የዕለቱ ፍራንክ በዶላር) × (የዕለቱ ብር በዶላር)

ከደብተሩ አንዱን እንውሰድ። «ሰኔ 3 ቀን 1971፣ 15.000 ፍራንክ፣ ለወንድሜ።» የገጹ ሌሎች ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ስለሆኑ ይህም የእኛ ነው፤ በፈረንጅ ጁን 10 ቀን 1979። ዘመኑ የቆመው ዘመን ነው።

15,000 ÷ 177.721 = 84.40 ዶላር
84.40 × 2.07 = 174.71 ብር

በአቋራጩም 15,000ን ለ85.86 ቢያካፍሉ ያው 174.70 ነው። ኤክሴል የሚጠቀሙ ከሆነ ዶላሩን በመሐል ላይ አያጠጋጉት፤ ከላይ ለማሳየት ብዬ ነው እንጂ 84.40 ብሎ መቁረጥ በትልልቅ ቁጥር ላይ ብር ያስበላል። ሙሉውን ይዘው ሄደው መጨረሻ ላይ ብቻ ወደ ሳንቲም ያጠጋጉ። ከብር ወደ ፍራንክ ሲመልሱ ግን ሳንቲም የለም፤ በጅቡቲ ገንዘብ ትንሿ ሳንቲም አንድ ፍራንክ ናትና ወደ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጉ።

ካሰሉ በኋላ መልሱን በዓይን ይመዝኑት። ከ1985 መግቢያ በፊት አንድ ብር ከ85 እስከ 87 ፍራንክ ካልሰጠ ስሕተት አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ከ8 እስከ 9 ፍራንክ፣ በ2020 በአማካይ 5 ፍራንክ ገደማ። ይህን ስጽፍ አንድ ብር ከአንድ ፍራንክ ትንሽ አለፍ ያለ ነው። በ1960ዎቹ አንድ ብር ሰማንያ ስድስት ፍራንክ ትገዛ እንደነበር ለድሬዳዋ ነጋዴ ነግሬው አላመነኝም።

አምስተኛ፦ የአማካይ ወጥመድ

ይህን ክፍል የምጽፈው ከኪሴ ከፍዬ ስለተማርሁት ነው። ከእትዬ ደብተር በፊት፣ ለሌላ ደንበኛ በሠራሁት ሒሳብ ላይ «1992» የሚለውን የፈረንጅ ዓመት ከዓመታዊ ሠንጠረዥ በ2.80 ብር ወስጄ አባዛሁት። ሠንጠረዡ አልዋሸም። ዘጠኙ ወር በ2.07፣ ሦስቱ ወር በ5 ሲደመርና ለአሥራ ሁለት ሲካፈል 2.80 ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት በአንድም ቀን፣ በአንድም ባንክ፣ ማንም ሰው በ2.80 መንዝሮ አያውቅም! የሌለ ዋጋ ነው። ሒሳቡ ተመልሶ መጣልኝ፤ ደንበኛው ሁለተኛ አልተመለሰም።

ከዚህ የባሰም አለ። ዓመታዊውን የብርና የፍራንክ አማካይ በሁለት መንገድ ቢያወጡት ሁለት የተለያየ መልስ ያገኛሉ። 177.721ን ለ2.80 ያካፍሉ፤ 63.5 ፍራንክ ይላል። የዘጠኙን ወር 85.86 እና የሦስቱን ወር 35.54 ወስደው አማካይ ያውጡ፤ 73.3 ይላል። ሁለቱም ትክክለኛ ሒሳብ ናቸው፤ የተገለበጠ ቁጥር አማካይና የአማካይ ግልባጭ አንድ ስላልሆኑ ብቻ ነው። ዋጋው በማይዘልበት ዓመት ልዩነቱ አይታይም፤ በሚዘልበት ዓመት ግን አሥር ፍራንክ ይሆናል።

ስለዚህ የእኔ ደንብ፦ ለአንድ ክፍያ የዕለቱን ዋጋ። ዕለቱ ካልታወቀ የወሩን፣ ወሩ ውስጥ ዝላይ ከሌለ። ዓመታዊውን የምጠቀመው ለጥቅል ግምት፣ ያውም ዓመቱን ሙሉ በእኩል ለተከፈለ ደመወዝ ዓይነት ነገር ብቻ ነው። ዝላይ ያለበት ዓመት ላይ ደግሞ ዓመቱን ሁለት ቦታ ቆርጦ ለየብቻ ማስላት ነው።

ስድስተኛ፦ መግዣ፣ መሸጫ፣ እና ያ ሌላው ዋጋ

እስካሁን የተጠቀምነው የመሐል ወይም ኦፊሴላዊ ዋጋ ነው። ፍራንክ ይዞ ባንክ የሄደ ሰው ግን የሚከፈለው በመግዣው ነው፤ ከመሐሉ ትንሽ ዝቅ ይላል። የባንክ ደረሰኝ ካለ የደረሰኙ ዋጋ ከማንኛውም ሠንጠረዥ ይበልጣል፤ ይህን አይከራከሩበት። ደረሰኝ ከሌለ የትኛውን እንደተጠቀሙ ጽፈው ሁሉንም መስመር በዚያው በአንዱ ይጨርሱ። አንዱን ቀን በመግዣ፣ ሌላውን ቀን በመሸጫ ማደባለቅ የተለመደ ስሕተት ነው።

ጥቁር ገበያውንስ? ብሔራዊ ቴአትርና ጋንዲ ሆስፒታል አካባቢ በእግሩ ያለፈ ሰው «ዶላር አለ? ምንዛሪ?» የሚለውን ሹክሹክታ ያውቀዋል። በደርግ ጊዜም ከ2.07 በላይ የሚከፍል እንደነበር ያልሰማ የለም፤ በድንበር ከተሞቹ በደወሌም በጋላፊም ብርና ፍራንክ ከባንክ ውጭ እጅ በእጅ ሲገበያዩ ኖረዋል። ለውርስ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለግብር የሚቀርብ ሰነድ ግን በኦፊሴላዊው ዋጋ ይሠራል። ቤተሰቡ በእውነት እጁ የገባውን ማወቅ ከፈለገ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በሰው እጅ የመጣ ገንዘብ በስንት እንደተመነዘረ የሚያውቀው ያመጣው ሰው ነው። እኔ እንዲህ ያለውን በኅዳጉ ላይ «በቃል የተነገረ» ብዬ በእርሳስ እጽፋለሁ እንጂ ወደ ድምሩ አላስገባውም። የወንድምየው ልጆች በዚህ ቅር ተሰኝተው ነበር። ከሁለቱም ወገን ምስክር ሲጠፋ ተቀበሉት።

ሰባተኛ፦ ሌላ ሰው ሊያረጋግጠው እንዲችል ያድርጉ

ለያንዳንዱ መስመር ስምንት ዓምድ እሠራለሁ፦ ቀን በኢትዮጵያ፣ ቀን በፈረንጅ፣ የገንዘቡ መጠን እንደተጻፈው፣ የገንዘቡ ዓይነት፣ ፍራንክ በዶላር፣ ብር በዶላር፣ የዋጋው ዓይነት፣ ውጤት በብር። «እንደተጻፈው» ያልሁት በምክንያት ነው፤ 15.000 ብሎ የተጻፈውን በዚያው ነጥብ ገልብጠው ሌላ ዓምድ ላይ 15,000 ይበሉት። የሚያጣራው ሰው የእርስዎን ስሕተት ከሟቹ ስሕተት የሚለይበት ሌላ መንገድ የለውም።

አንድ ነገር በግልጽ ለደንበኛ መንገር ያስፈልጋል። ይህ ሒሳብ ያኔ ስንት ብር እንደነበር ይናገራል፤ ያ ብር ዛሬ ስንት ዋጋ እንዳለው አይናገርም። ሰኔ 1971 ላይ 174 ብር ከ71 ሳንቲም የነበረውን ዛሬ 174 ብር ከ71 ሳንቲም ብሎ መክፈል ዕዳ መክፈል ነው ወይስ አይደለም? ያ የሽማግሌና የዳኛ ሥራ ነው። እኔ ያደረግሁት ከብሩ ዓምድ አጠገብ የዶላሩን ዓምድ መተው ነው፤ ሽማግሌዎቹ በመጨረሻ የተነጋገሩት በእሱ ላይ ነው።

በነካ እጄ፦ ለሌላ የጎረቤት ገንዘብስ?

ናቅፋ ኅዳር አካባቢ 1990 ዓ.ም. ሲወጣ አንዱ በአንድ ብር ነበር የተተመነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ከዶላር ጋር በ15 ናቅፋ አካባቢ ታስሮ ስለኖረ የፍራንኩ ዘዴ ለእሱም ይሠራል። የኬንያ ሽልንግ ግን እሱም እንደ ብሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለዚያ የሁለቱንም የዶላር ዋጋ በዚያው ቀን ከሁለቱ አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች መውሰድ ግድ ነው። አንዱ አገር በበዓል ከተዘጋ በፊት የነበረውን የሥራ ቀን ይውሰዱ። ለፍራንኩ ይህ አያሳስብም፤ ጅቡቲ ዓርብና ቅዳሜ ብታርፍም 177.721 አያርፍም፣ አይነሣም።

የእትዬን ደብተር ስጨርስ አንድ መስመር አልገባኝ ብሎ ቀርቶ ነበር። ነሐሴ 1968፣ «40 ፍራንክ፣ ወፍጮ።» በቀመሩ አርባ ፍራንክ 47 ሳንቲም ይሆናል፤ በዚያ ሳንቲም ምን ይፈጫል? ደግሞም በዚያ ወር ሰውየው አዲስ አበባ እንደነበሩ ገጹ ይናገራል። ለእትዬ ሳነብላቸው ፈገግ አሉ። «እሱ እኮ ገንዘብን ሁሉ ፍራንክ ነበር የሚለው። ፍራንክ አለሽ ወይ፣ ፍራንክ አለቀ… አርባ ብር ነው እሱ። ወፍጮውን ከጎረቤት ጋር ተጋርተን ስንገዛ የሰጠነው።»

ወደ ሠንጠረዡ ተመልሼ «የገንዘቡ ዓይነት» የሚለውን ዓምድ ከፍራንክ ወደ ብር ቀየርሁት፤ ከዚያም ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ እያንዳንዱን «ፍራንክ» እንደገና እትዬን እየጠየቅሁ አለፍሁ። ሌላ አራት አገኘን።